ልጃችሁ በጭንቀትና በድባቴ ሲያዝ እነዚህን አታድርጉ

ባሕር ዳር ውስጥ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነኝ። ወደ ክፍሌ የሚገቡት ታዳጊዎች አብዛኞቹ ዘግይተው ነው የሚመጡት። ወላጆቻቸው ስለማይወዷቸው አይደለም። የሚሳሱላቸው ወላጆች ናቸው እነዚህን ስህተቶች የሚሠሩት። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ «ምን ጎደለብህ?» የሚለው ጥያቄ ነው። «ትበላለህ፣ ትጠጣለህ፣ ስልክ ተገዝቶልሃል፣ ታዲያ ምን ሆንክ?» ልጁ መልስ የለውም። ድባቴ የሚመጣው ነገር ሲጎድል ብቻ አይደለም። በቤተሰብ ሊኖር ይችላል፣ ከደረሰበት መከራ ሊመጣ ይችላል፣ ይህ ነው የሚባል ምክንያት ሳይገኝለትም ይመጣል። መልስ ያጣ ልጅ «ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል። ራስን መውቀስ ደግሞ የሕመሙ አንዱ ምልክት ነው። ያንኑ እናንተ ስትጨምሩበት አስቡት። «እኛ በአንተ ዕድሜ በባዶ እግራችን ስንት ሰዓት ተጉዘን ነው የተማርነው» የምትሉትም እውነት ነው፤ ክብር ይገባችኋል። ግን ልጁ ከዚያ ውስጥ የሚሰማው አንድ ነገር ነው፤ ሕመሜን አያምኑኝም። ከዚያ ዝም ይላል። ቤቱ ጸጥ ሲል እናንተ «ተመስገን፣ ተሻለው» ትላላችሁ። እባካችሁ፣ ይህን ጥያቄ ከቤታችሁ አውጡት።

ታዲያ ምን እንበል? «ሰሞኑን እንደ ድሮህ አይደለህም። ሲመችህ ንገረኝ፣ አልቆጣህም» በቂ ነው። ሲነግራችሁም ምክር ለመስጠት አትቸኩሉ። ፊት ለፊት ተቀምጦ ማውራት ብዙ ልጆችን ያስጨንቃል። ጎን ለጎን መሄድ ይሻላል። ለአባቱ አንድ ቃል ያልተነፈሰ ልጅ በጣና ዳር የእግር መንገድ አብረው ሲሄዱ አፉን የፈታበትን ጊዜ አውቃለሁ።

ሌላው ስህተት እንባና ሐዘን ብቻ መጠበቅ ነው። በዚህ ዕድሜ ድባቴ ብዙ ጊዜ ቁጣና ንጭንጭ ሆኖ ይታያል። በር መወርወር፣ ለእናት መመለስ፣ ከኳስ ጓደኞች መቅረት። «ባለገ» ከማለታችሁ በፊት እንቅልፉን፣ ምግቡንና ትምህርቱን እዩ። ለውጡ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ባለሙያ ይየው።

ሕመሙ በሆድና በራስም ይመጣል። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪን እናቷ ይዛት መጣች። እናትየው ጠረጴዛዬ ላይ ፌስታል ገለበጠች፤ የታይፎይድ፣ የጨጓራ፣ የአሜባ መድኃኒት፣ ግማሹ ገና አላለቀም። ልጅቷ የሹራቧን እጅጌ መዳፏ ላይ ስባ ቁጭ ብላለች። ሆዷን የሚያማት ጠዋት ጠዋት ነው። ቅዳሜና እሁድ ደህና ናት። ያንን ከእናቷ በቀር ሊያየው የሚችል አልነበረም፤ ግን ክሊኒክ ለክሊኒክ ሲዞሩ ቀኑን ያስተዋለ የለም። ልጅቷ አልዋሸችም። ጭንቀት ሆድን በእውነት ያማል። ስለዚህ መጀመሪያ አስመርምሩ። ምርመራው ደህና ካለ ሕመሙ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚነሳ ጻፉና ይዛችሁ ኑ። ለኛ ትልቅ ነገር ነው።

እናቷ አዝናላት «በቃ ዛሬ ቅሪ» ትላት ነበር። ከአንጀቷ ነው። ጭንቀት ግን ከሸሹት ያድጋል። ዛሬ የቀረችበት ክፍል ነገ ይበልጥ ያስፈራታል፤ ወር ሲሞላ ከደጅ መውጣትም ይከብዳል። በዱላ መጎተትም መፍትሔ አይደለም። ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋገሩና በትንሽ በትንሹ ትመለስ፤ መጀመሪያ ግማሽ ቀን፣ በር አጠገብ ተቀምጣ። እሷ ስትመለስ ያየነው በዚህ መንገድ ነው።

ልጁን ስጠይቀው እናንተ አትመልሱለት። «ውጭ ጠብቁን» ስላችሁም አትቀየሙ።

የ12ኛ ክፍል ፈተናን በተመለከተ ደግሞ፣ በ2015 ከተፈተኑት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶው ብቻ ነበሩ። በክልላችን ባለው ግጭት ትምህርታቸው የተቆራረጠባቸው ልጆች ይህን ቁጥር ከናንተ ይበልጥ ያውቁታል። «የነ እከሌ ልጅ አለፈ» ማለት አያስጠናም፤ እንቅልፍ ይነሳል። ታዳጊ በ24 ሰዓት ውስጥ በጠቅላላው ከ8 እስከ 10 ሰዓታት ያህል መተኛት አለበት። «ለጥናት ነው» እያለ ጫት ሲቅም አይታችሁ እንዳላየ የምታልፉም አላችሁ። ጫት እንቅልፉን ይወስድበታል፣ ጭንቀቱን ያባብስበታል።

ስለ ጠበል። ውሰዱት፣ ጸልዩለት፤ እኔም አማኝ ነኝ። ስህተቱ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መጣል ነው። «ዓይነ ጥላ ነው» ተብሎ መድኃኒቱ የተቋረጠበትና በጣም ብሶበት የተመለሰ ልጅ አይቻለሁ። ንስሐ አባታችሁን በግልጽ አማክሩ። ሁለቱ አብረው እንዲሄዱ የሚፈቅዱ አባቶች አሉ።

አሁን ወላጅ ሁሉ ስለሚሸሸው ነገር ልናገር። «ስለ መሞት ካነሳሁበት ሐሳቡን እሰጠዋለሁ» ትላላችሁ። አትሰጡትም። መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ብዙውን ጊዜ ልጁ እፎይ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉ ወጣቶች መካከል ራስን ማጥፋት ሦስተኛው የሞት ምክንያት እንደሆነ ይገልጻል። ስለዚህ በቀጥታ ጠይቁት፤ «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» አዎ ካለ አትጩሁ፣ «ኃጢአት ነው» ብላችሁም አትጀምሩ። ብቻውን አትተዉት። መድኃኒትና ፀረ ተባይ ቆልፋችሁ ያዙ። ሌሊትም ቢሆን በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። በከተማችን ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። «ጎረቤት ያየናል» በሚል አንድ ቀን እንኳ አትዘግዩ።

ሁሉም ልጅ መድኃኒት አያስፈልገውም፤ ለብዙዎቹ የምክክር ሕክምና ብቻውን ይጠቅማቸዋል። ከታዘዘለት ግን በሳምንት ውስጥ ለውጥ አትጠብቁ። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ የድባቴ መድኃኒቶች በደንብ መሥራት ለመጀመር ሳምንታት ይፈልጋሉ። አንዳንድ ታዳጊዎች ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊጨምሩ ስለሚችሉ ያኔ ዓይናችሁን ከልጁ ላይ አትንቀሉ። እረፍት ካጣ ወይም ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ ቀጠሮ ሳትጠብቁ አምጡት። መሳቅ ሲጀምር ደግሞ «ዳነ» ብላችሁ መድኃኒቱን አታቁሙት። ከተሻለውም በኋላ ብዙ ጊዜ ለወራት ይቀጥላል። ሲቆምም ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል።