በጊታሩ ሆድ ውስጥ የፈሰሰው ስሜ

ሠርቼ በሰኔ ያስረከብኩት ጊታር በነሐሴ ለክር ቅየራ ተመልሶ መጣ። በድምፅ ቀዳዳው ባጮልቅ፣ በመለያ ወረቀቱ ላይ ያተምኩት ስሜ ሰማያዊ ጉም መስሏል። መጀመሪያ ያማሁት የጅማን ክረምት ነበር። ጥፋቱ ግን የራሴ ነው፤ በፈሳሽ ቀለም አትሜ፣ ውሃ ባለው ነጭ ኮላ ለጥፌዋለሁ። ቀለሙ ኮላው ሲነካው መሸሽ ጀምሯል፤ እርጥበቱ ጨረሰው።

አሁን በሌዘር ማተሚያ አሳትማለሁ። የሌዘር ቀለም ዱቄት ነው፤ በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ላይ ስለሚጣበቅ ውሃ አያስለቅቀውም። ቢሆንም አንዱን ቅጂ በእርጥብ ጣት ሳላሽ አልለጥፍም። ተራ ቁጥሩን በእርሳስ እጽፋለሁ፤ እርሳስ አይፈስም።

የመለያውን ንድፍም አቀለልኩት። ጀበናው፣ የቡናው ቅርንጫፍ፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ሁሉም ወጡ (ቤተ መንግሥቱ ሲወጣ ትንሽ ቅር ብሎኛል)። 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ቀዳዳ፣ በ6 ክሮች መካከል አጮልቆ የሚያይ ሰው የሚያነበው ስም፣ ከተማና ዓመት ብቻ ነው። የምለጥፈውም የጊታሩ ሳጥን ከመገጠሙ በፊት ነው፦ ኮላውን ስስ አድርጌ፣ ወረቀቱን በደረቅ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር እየጠረግሁ።