አሮጌ የሸራ ጀልባ ሲታደስ በበጀት ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

አሮጌ የሸራ ጀልባ በርካሽ ሲገኝ ልብ ይማርካል። ትልቁ ወጪ ግን የሚመጣው ከግዢው በኋላ ነው። ስንቱ ጥሩ ጀልባ እድሳቱ ሳያልቅ የባለቤቱ ገንዘብ አልቆ ደረቅ መሬት ላይ ቀርቷል!

የመጀመሪያው ስህተት ዓይን ያየውን ብቻ ይዞ ወጪ መገመት ነው። የብዙ ፋይበርግላስ ጀልባዎች የላይኛው ወለል ከላይና ከታች ስስ ፋይበርግላስ፣ መሃሉ ደግሞ ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ነው። በብሎኖቹ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ሲያረጅ ውሃ ይሰርጋል። እንጨቱ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል፤ ላዩ ግን ቀለም ተቀብቶ ያምራል። ትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ ይያዙና ወለሉን መታ መታ እያደረጉ ይሂዱ። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ይታፈናል። ጉዳቱ መዳፍ የሚያክል ከሆነ ቀላል ነው። ግማሽ ወለል ከሆነ ግን የወራት ሥራ ነው።

የምሰሶው ገመዶች የሚታሰሩባቸው ብረቶችም እንዲሁ ናቸው። ስቴንለስ ስቲል ዝገትን የሚቋቋመው አየር ሲያገኝ ነው። ወለሉን አልፎ በሚገባበት፣ እርጥበት ታፍኖ በሚቆይበት ቦታ ግን ዝገት ይበላዋል። ከላይ ብቅ ያለው ጫፉ ግን እንዳብረቀረቀ ነው። ስለዚህ ጀልባውን ከውሃ አስወጥቶ ለሚመረምር ገለልተኛ ባለሙያ መክፈል ግድ ነው። በዚህ ላይ አይቆጥቡ።

ሌላው በፍራሽ፣ በስክሪንና በወጥ ቤት መጀመር ነው። ገንዘቡ መጀመሪያ የሚሄደው ውሃ እንዳይገባ ለሚያደርገው፣ ምሰሶውን ላቆመውና ለመሪው ነው። የምሰሶ ሽቦ ገመድ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ይቀየራል። ዕድሜው ካልታወቀ እንዳለፈበት ቆጥረው በጀት ይያዙለት።

ያወጣሁትን ስሸጠው አገኘዋለሁ ማለትም አያዋጣም። አዲስ ሞተር የጀልባውን ዋጋ ሊያህል ይችላል፤ የመሸጫ ዋጋው ግን በዚያ ልክ አይጨምርም። ከመጀመርዎ በፊት የግዢውንና የእድሳቱን ድምር ያስሉ። ከዚያ ያው ሞዴል፣ ሌላ ሰው አድሶ ሲሸጠው ስንት እንደሚያወጣ ይጠይቁ። ድምሩ ከዚያ በብዙ ካለፈ የታደሰውን መግዛት ይሻላል። ሥራውን ራሱን ለሚወድ ሰው ሒሳቡ ይለያል፣ እሱም ቢሆን ቁጥሩን አውቆ ይግባበት።

መጠንም ያሳስታል። 12 ሜትር ከ10 ሜትር ብዙም የማይበልጥ ይመስላል። ቅርጻቸው አንድ ከሆነ ግን ክብደቱ በ70 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ሸራው፣ መልህቁ፣ ቀለሙ ሁሉ አብሮ ያድጋል።

"እግረ መንገዳችንን" የሚባለው ነገርም በጀት ይጨርሳል። አንዳንዱ ትክክል ነው፤ ምሰሶው በክሬን ከወረደ አይቀር ሽቦውንም የኤሌክትሪክ መስመሩንም መቀየር ክሬኑን ሁለት ጊዜ ከመክፈል ያድናል። ቱቦ ለመቀየር ተገብቶ ካቢኔውን ሙሉ መንቀል ግን ሌላ ነው። ጀልባው መሬት ላይ በቆየ ቁጥር የማቆሚያ ኪራይ ይቆጥራል፤ እሱን የሚረሳው ብዙ ነው። ከበጀቱ ቢያንስ ሩቡን ላልታሰበ ነገር ያስቀምጡ።

ወለሉ በስብሶ፣ ኪሉን (ከጀልባው ሥር ያለውን ከባድ ክንፍ) የያዙት ብሎኖች በዝገት ተበልተው፣ ሞተሩም አልነሳ ካለ፣ ጀልባውን በነፃ ቢሰጡዎትም አይውሰዱት።