ጊታሬ ዝዝዝ ማለቱን እንዴት ተወ

ትዝታ ቅኝት ስጫወት ጊታሬ ሁለተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች አንዱ) ላይ ዝዝዝ ይላል። መጀመሪያ ክሩን ጠረጠርኩ። ቀየርኩት፣ ያው ነው። ከዛ አንዱ "አንገቱ ውስጥ ያለውን ረጅሙን ብረት አጥብቀው" አለኝና አጠበቅኩት። ጭራሽ ባሰበት! ለካ ብረቱ ሲጠብቅ አንገቱ ቀጥ ይላል፣ ክሩም ፍሬቶቹን ይጠጋል።

አንድ ቀን መስኮት ጋር ይዤው ስቀመጥ ነገሩ ገባኝ። ከ15 ዓመት ጨዋታ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ክሩ በሚያርፍበት በኩል ተቦርቡረዋል፤ ጥፍሬ ይገባል።

ፒያሳ አንድ ጠጋኝ ጋር ወሰድኩት። "ልጄ፣ ይሄ በሞረድ የሚድን አይደለም፣ ሙሉ ይቀየር" አሉኝ። 20ውንም። ተቀምጬ አየሁ። ፍሬቱን በሬዲዮ ጠጋኞች ካውያ ያሞቁና በጉጠት ቀስ እያሉ ያነሱታል፤ እንዲሁ ከተነቀለ እንጨቱ ይላጣላ። ከዛ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት አስተካክለው አዲሱን እየመቱ አስገቡ፣ አናቱን አንድ ልክ ሞረዱት፣ መልሰው ጉብ እንዲል ቀረጹት። ጫፎቹንም አለሰለሱልኝ፣ ምክንያቱም በበጋ እንጨቱ ደርቆ ሲኮማተር የፍሬቱ ጫፍ ወጥቶ እጅ ይቧጭራል።

የአንገቱን ብረት ትንሽ ፈታ አደረጉት። 12ኛው ፍሬት ላይ የክሩን ከፍታ በወፍራሙ 2.5 ሚሊ፣ በቀጭኑ 2 ሚሊ አደረጉት። ለኔ ለስላሳ እጅ በቂ ነው፤ ጠንክሮ ለሚመታ ከፍ ቢል ይሻላል።

ሱቁ ውስጥ እንዳለሁ ትዝታን ሞከርኩት። ዝዝዝ የለም። ጠጋኙ ቡናቸውን አስቀምጠው "አሁን ደግሞ አንተ ተስተካከል" አሉኝ።