የፕላንትሆፐር ዝርያ ስንለይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጅማ ላይ ክረምቱ ሲገባ የበቆሎ ማሳውና የመንገድ ዳሩ ሳር በጥቃቅን ዘላይ ነፍሳት ይሞላል። መረብ ሁለት ሦስቴ ቢያወዛውዙ ባዶ እጅ አይወጣም። መያዙ ቀላል ነው፤ ጣጣው ያለው ስም መስጠቱ ላይ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ናሙና የሚሰበስቡ ተማሪዎች ሲያሳዩኝ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ላንሳ።

የመጀመሪያው፣ የሚዘለውን ሁሉ ፕላንትሆፐር (የተክል ጭማቂ የሚመጥ የትናንሽ ዘላይ ነፍሳት ቡድን) ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚምታታው ከሊፍሆፐር ጋር ነው፤ እሱም ሌላ ጭማቂ መጣጭ ዘላይ ነፍሳት ነው። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሚሊሜትር ናቸው፤ ሁለቱም ክንፋቸውን እንደ ቤት ጣሪያ አጥፈው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ አንቴናውን እዩ። የፕላንትሆፐር አንቴና የሚወጣው ከዓይኑ በታች፣ ከጭንቅላቱ ጎን ነው፤ ሁለተኛው ክፍሉም ወፈር ያለ ነው። የሊፍሆፐር አንቴና ግን በዓይኖቹ መካከል የሚወጣ ቀጭን ፀጉር መሰል ነገር ነው። ቀጥሎ የኋላ እግሩን ተመልከቱ። ሰብል ላይ በብዛት የምናገኘው ዴልፋሲዴ የተባለው የፕላንትሆፐር ቤተሰብ ቅልጥሙ ጫፍ ላይ አንድ ትልቅ እሾህ አለው። በቀጭን መርፌ ነካ ስታደርጉት ይንቀሳቀሳል። የሊፍሆፐር ቅልጥም ግን ከላይ እስከ ታች በተደረደሩ እሾሆች የተሞላ ነው።

ይህ የስም ክርክር ብቻ አይደለም። የበቆሎ ሞዛይክ ቫይረስን የሚያስተላልፈው ፔሬግሪነስ ማይዲስ የተባለው ፕላንትሆፐር ነው። የበቆሎ ስትሪክ ቫይረስን የሚያስተላልፉት ደግሞ ሲካዱሊና የተባሉት ሊፍሆፐሮች ናቸው። ነፍሳቱን ከሳትን በሽታውንም እንስታለን፤ ለገበሬው የምንሰጠው ምክርም አብሮ ይበላሻል።

ሁለተኛው፣ በተገኘበት ተክል ስም መስጠት ነው። «በቆሎ ላይ ነው የያዝኩት፣ ስለዚህ ማይዲስ ነው» የሚለው አነጋገር አያስኬድም። ንፋስ ያመጣው ነፍሳት የቡና ቅጠል ላይም ያርፋል፣ ቡና ይበላል ማለት ግን አይደለም። ክንፍ ያላወጡ ኒምፎች (ገና ያላደጉ ልጆች) እዚያው ተክል ላይ ሲመገቡ ካያችሁ ያኔ ነገሩ ይጠነክራል። እስከዚያው «የተገኘበት ተክል» ብላችሁ ጻፉ።

ቀለምና የክንፍ ርዝመትም ያሳስታሉ። አንድ ዝርያ ውስጥ ክንፈ ረጅምና ክንፈ አጭር ሊኖር ይችላል፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሁለት ዝርያ ይመስላሉ። ቆዳውን ገና የቀየረው ደግሞ ገርጣ ይላል፤ አልኮል ውስጥ የከረመው አረንጓዴነቱ ይጠፋል።

ትልቁ ስህተት ግን ወንዱን ሳይበልቱ ዝርያ መወሰን ነው። እንደ ሶጋቴላ ባሉ የፕላንትሆፐር ጂነሶች (ጂነስ የተቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ ነው) ዝርያዎቹ ከውጭ በጣም ይመሳሰላሉ፤ የሚለዩት በወንዱ ብልት ቅርፅ ነው። ሆዱን በጥንቃቄ ነጥላችሁ 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ አሳድሩት። ቆዳ ያቃጥላልና ጓንት አትርሱ። ሥጋው ሟሙቶ ጠንካራው አካል ሲቀር በውሃ እጠቡት፣ ግሊሰሪን ጠብታ ውስጥ አስቀምጡና በማይክሮስኮፕ ከጎንም ከኋላም እዩት። የኤዲያገሱ (የወንዱ ብልት ዋና አካል) ጥምዝና ጥርሶቹ አንዴ ጥርት ብለው ከታዩ ብዙ ጥርጣሬ ይወገዳል። ለዲኤንኤ የምትፈልጉት ከሆነ አስቀድማችሁ አንድ እግር 96 በመቶ አልኮል ውስጥ አስቀሩ፤ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ዲኤንኤውን ያበላሻል። የተበለተውን ሆድ በትንሽዬ ብልቃጥ ከዚያው ናሙና ፒን ጋር አያይዙት። ከተለያየ ዋጋ የለውም። ያላችሁ ሴት ብቻ ከሆነና ጂነሱ ሴቶቹ የማይለዩበት ከሆነ፣ ጂነሱ ላይ አቁሙ። «ሶጋቴላ ኤስፒ» (ዝርያው ያልተለየ ሶጋቴላ) ብሎ መጻፍ አያሳፍርም። በግምት የተጻፈ የዝርያ ስም ግን ከጥናት ወደ ጥናት እየተገለበጠ ይኖራል።

ሌላው፣ ለእስያ የሩዝ ማሳ የተዘጋጀ የመለያ ቁልፍ (በጥያቄ እየመራ ወደ ዝርያ ስም የሚያደርስ ሰንጠረዥ) ይዞ ጅማ ላይ መሥራት ነው። ቁልፉ ውስጥ የአፍሪካው ዝርያ ባይኖርም፣ ጥያቄዎቹን ከተከተላችሁ መጨረሻ ላይ አንድ ስም ይሰጣችኋል። ስለዚህ የደረሳችሁበትን ስም ከሙሉ ገለጻውና ከብልቱ ሥዕል ጋር አስተያዩ። የዲኤንኤ ባርኮድ (አጭር የዲኤንኤ ቁራጭን ከመረጃ ቋት ጋር በማስተያየት ዝርያ መለየት) ውጤትም እንዲሁ ነው፤ መረጃ ቋቱ ውስጥ ያለው ናሙና ራሱ በስህተት ተሰይሞ ሊሆን ይችላል።

ስሙን ስትጽፉ የሰያሚውን ስም የያዘችውን ቅንፍ አትጣሏት፣ ዝም ብላችሁም አትጨምሯት። ፔሬግሪነስ ማይዲስ (አሽሚድ፣ 1890) ሲባል፣ አሽሚድ ዝርያውን መጀመሪያ የሰየመው ዴልፋክስ በሚባል ሌላ ጂነስ ሥር ነበር ማለት ነው። ጂነሱ ባይቀየር ኖሮ ቅንፍ አይኖርም ነበር።

ስለ አያያዝ ደግሞ፦ ይህን ትንሽ ነፍሳት በፒን አትውጉት፤ ሹል ካርድ ጫፍ ላይ በጎኑ በሙጫ አጣብቁት፤ ፒኑ የሚወጋው ካርዱን ነው። የጅማ እርጥበት ሻጋታ ይጠራል፣ ሳጥኑ ውስጥ ሲሊካ ጄል አድርጉ። ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑንና የሰብሳቢውን ስም ያኔውኑ ጻፉ። አልኮል ውስጥ ለሚገባው ወረቀት እርሳስ ተጠቀሙ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ይለቃል።