የሲቪውን አናት ሸፍነን መምረጥ ጀመርን

ለሒሳብ ሠራተኛ ቅጥር የመጡ ሲቪዎችን ሳገላብጥ፣ ትምህርቱን ሳላነብ ስሙ ላይ እንደምፈርድ ታዘብኩ። እኛ አገር የአባትና የአያት ስም ብዙ ይናገራል፤ ብሔሩን፣ ሃይማኖቱን። ፎቶና የትውልድ ቦታ ሲጨመርበትማ አለቀ።

"እኔ አላዳላም" ማለት ምንም አልፈየደም። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ጥናት፣ ቦስተንና ቺካጎ ላሉ ቀጣሪዎች ተመሳሳይ ሲቪዎች ተልከው ነበር። የነጭ የሚመስል ስም የያዙት የጥቁር ከሚመስሉት በ50 በመቶ ያህል የበለጠ ተጠሩ። ቀጣሪዎቹ ሁሉ ክፉ ሰዎች ናቸው ብዬ አላምንም።

ስለዚህ አሠራሩን ቀየርኩ። ባልደረባዬ የሲቪውን አናት በወረቀት ሸፍና ኮፒ ታደርገዋለች፤ ቁጥር ትሰጠዋለች። የዩኒቨርሲቲውን ስምም ትሸፍናለች፣ እሱም ቦታ ይናገራል። መስፈርቱን የምጽፈው ሲቪ ከማየቴ በፊት ነው። (ካየሁ በኋላማ ለወደድኩት ሰው በልኩ ይሰፋለታል።) ነጥብ ሞልቼ ከፈረምኩ በኋላ ብቻ ስሙ ይገለጣል።

የአነጋገር ዘዬ ግን አይሸፈንም። ለዚህ ሲባል ቃለ መጠይቁ ላይ ለሁሉም ያንኑ ጥያቄ በአንድ ቅደም ተከተል እንጠይቃለን፤ የጽሑፍ ፈተናውም ከቃለ መጠይቁ የበለጠ ነጥብ ይዟል።