ለአዲስ የምክር ቤት አባል፦ ከከንቲባው ጋር ሥልጣን የሚጋሩበት መንገድ

ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት የከተማውን ቻርተር (የከተማ አስተዳደሩን መቋቋሚያ ሕግ) እርሳስ ይዘው ያንብቡ። ቀድመው የሚፈልጉት ከንቲባውን ማን እንደሚመርጠው ነው። ምክር ቤቱ የሚመርጠው ከሆነ ብዙውን ጊዜ የመተማመኛ ድምፅ ነፍጎ ሊያነሳው ይችላል። ሕዝቡ በቀጥታ ከመረጠው ግን ማንሳት ከባድ ነው፤ ለምክር ቤቱ የሚቀረው ጉልበት በጀት፣ ሹመትና ቁጥጥር ነው። ሦስተኛም አደረጃጀት አለ፤ ምክር ቤቱ ባለሙያ ሥራ አስኪያጅ ይቀጥራል፣ ከንቲባው ስብሰባ ይመራል። የአሜሪካዋ ዴይተን እ.ኤ.አ. ከ1913ቱ ጎርፍ በኋላ የያዘችው ይህንን ነው። በዚህ አደረጃጀት ለመምሪያ ኃላፊ በቀጥታ ትእዛዝ አይስጡ፤ ጉዳይዎ በሥራ አስኪያጁ በኩል ይሂድ።

ቀጥሎ የድምፅ ስሌቱን ይያዙ። 15 አባላት ያሉት ምክር ቤት ምልዓተ ጉባኤው (ለመወሰን መገኘት ያለበት ዝቅተኛው ቁጥር) 8 ከሆነና በተገኙት አብላጫ የሚወስን ከሆነ፣ 8 ብቻ ሲገኙ 5 ሰው ደንብ ሊያጸድቅ ይችላል። «ሁለት ሦስተኛ» የሚል ሲያገኙ ከማን ላይ እንደሚሰላ ይጠይቁ። በኒው ዮርክ የከንቲባውን ቬቶ (ምክር ቤቱ ያጸደቀውን የመከልከል ውሳኔ) ለመሻር ከ51ዱ አባላት 34 ያስፈልጋል፤ የቀረ ሰው ተቃውሞ እንደሰጠ ይቆጠራል። በለንደን የከንቲባውን በጀት ለማሻሻል ግን ሁለት ሦስተኛው የሚሰላው ድምፅ ከሰጡት ላይ ብቻ ነው፤ ከ25ቱ አባላት 21 ድምፅ ከሰጡ 14 ይበቃል። ይህን ሳያጣሩ ቬቶ ለመሻር መነሳት በአንድ ድምፅ ያስሸንፋል።

ዋናው ትግል በጀት ላይ ነው። ከንቲባው ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃል፤ ብዙ አባላት ግን ከጸደቀ በኋላ ያለውን ይዘነጋሉ። ለመንገድ ጥገና የተፈቀደ ገንዘብ በበጀት ዝውውር ወደ ተሽከርካሪ ግዢ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ በማጽደቂያው ውሳኔ ላይ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ የሚዛወረው መጠን ጣሪያ እንዲኖረው ያድርጉ፤ የሩብ ዓመት ሪፖርቱም የተፈቀደውን፣ የወጣውንና ውል የታሰረበትን ለየብቻ ያሳይ። ረቂቁ ዘግይቶ ከደረሰ ያለ ምርመራ ማጽደቅ ይመጣል። የማቅረቢያ ቀን በደንብ ካልተወሰነ ያስወስኑ፤ ቋሚ ኮሚቴው ቢያንስ አራት ሳምንት ያስፈልገዋል ብለን እናምናለን።

ከምክር ቤቱ ቁጥጥር ሁለት ማምለጫዎችን ይከታተሉ። የመጀመሪያው «ተጠባባቂ» ነው፦ ሹመቱ የምክር ቤት ማጽደቅ የሚፈልግ ኃላፊ በተጠባባቂነት ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። መድኃኒቱ የተጠባባቂነት ጊዜን በቀን መገደብ ነው። ሁለተኛው ውል መከፋፈል ነው፤ ከተወሰነ መጠን በላይ ያለ ውል ለምክር ቤቱ መቅረብ ካለበት፣ አንዱ ሥራ ከጣሪያው በታች ሦስት ቦታ ተቆርጦ ይመጣል። የውል ዝርዝሩን በተቋራጭና በቀን አስደርድረው ሲያዩት ይታያል።

አጀንዳ የሚቀርጸው ማን እንደሆነም ይወቁ። አፈ ጉባኤው ብቻ ከሆነ፣ ስንት አባል ፈርሞ አጀንዳ ማስያዝ እንደሚችል ከሥነ ሥርዓት ደንቡ ይፈልጉ።

ከንቲባውን ሲጠይቁ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ «መንገዱ መቼ ያልቃል?» ሳይሆን የውሉን ቁጥር፣ የተከፈለውን ገንዘብና የማጠናቀቂያ ቀኑን ይጥቀሱ። መልሱ በቃለ ጉባኤ ይስፈር፤ የክትትል ቀኑም እዚያው ይመዝገብ፣ ያለዚያ በሚቀጥለው ስብሰባ ጥያቄው እንደ አዲስ ይጀመራል።