የዋንዛ ጣውላ በችንካር ሲጋጠም የሚወጣው ደረጃ

ጎንደር ለተሠራ የጠረጴዛ ገበታ ሁለት የዋንዛ ጣውላ በ8 ሚሊ የእንጨት ችንካር ሲገጠም፣ መጋጠሚያው ላይ 1 ሚሊ ደረጃ ወጣ፤ አንዱ ጣውላ ከሌላው ከፍ አለ። ጂጉ፣ ማለትም ፑንታውን (የመሰርሰሪያውን ብረት) ቀጥ አድርጎ የሚመራው መሣሪያ፣ አልተበላሸም። ራሱ መሃል የሚይዝ ዓይነት ስለሆነ፣ አንዱ ጣውላ 22፣ ሌላው 20 ሚሊ ሲሆን ልዩነቱን ለላይና ለታች እኩል ያካፍለዋል። በእጅ መላጊያ የተላገ እንጨት ደግሞ መቼ እኩል ሆኖ ያውቃል!

መደገፊያ ባለው ጂግ ተቀየረ። የሁለቱም የላይ ፊት በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል፤ መደገፊያው ሁልጊዜ እዚያው ፊት ላይ ተደግፎ፣ 10 ሚሊ ገባ ብሎ ይበሳል። መደገፊያው ሥር የገባች ሰጋቱራ እንኳ ታዛንፋለች፤ በየቀዳዳው እፍ ማለት ነው።

ለ40 ሚሊ ችንካር በየጎኑ 21 ሚሊ ጥልቀት ይበቃል፣ ትርፉ ለኮላ ነው። ለጥልቀቱ ምልክት ፑንታው ላይ ፕላስተር ሲጠመጠም፣ ፑንታው የሚያልፍበት የጂጉ ቱቦ ቁመት ይደመር፤ ካልተደመረ ቀዳዳው ያጥርና ጣውላው በሞርሳ (በማጥበቂያ) ቢጠብቅም አይዘጋም።